ሁለት ትሪ የጾም ኬክ

የእንቁላሉን ቅርፊት ያገኘችው አመድ ልትደፋ ወጥታ ነው። ብርቄ አመድ ለማንም አትሰጥም፤ ከጓሮ ጎመኗ ሥር በእጇ ትበትነዋለች። ባልዲውን ስትገለብጠው ከግራጫው መካከል ነጭ ነገር ብልጭ አለ። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ቅርፊት ነው። አመዱን በእንጨት ጫር ጫር አደረገችው፤ ሌላ ወጣ፣ ደግሞ ሌላ። አንዱ በአንዱ ውስጥ እንደ ሲኒ ተሰክቶ፣ ማንም እንዳያየው ወደ ታች ተጠቅጥቋል። የስምንት እንቁላል ቅርፊት። ቀኑ ደግሞ አርብ ነው፤ የመጋቢት መድኃኔዓለም፣ ሑዳዴ። በዚህ ግቢ ከቅበላ ማግስት ጀምሮ እንቁላል ተሰብሮ አያውቅም። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፣ ብርቄ እየለቀመች ለፋሲካ በገብስ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ አለቀ።

ከጓሮው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ዛሬ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ከዚህ ቤት ሁለት ትሪ የጾም ኬክ ወጥቷል። ባለባጃጁ አበባው ጭኖ ወለተ ማርያም ቤት አድርሶታል። ወለተ ማርያም የመድኃኔዓለም ማኅበር ተረኛ ናት፤ ቅዳሴ ሲወጣ ካህናቱ እሷ ቤት ገብተው ሻይና ኬክ ይቀምሳሉ ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወቀው ነገር ነው። ቅዳሴ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ስድስት አልፏል።

ኬኩ የወጣው ከትዕግስት ደብተር ነው። ትዕግስት የልጇ የሙላው ሚስት ናት፤ ደብረ ታቦር ምግብ ዝግጅት ተምራ የመጣች፣ ባሏ ባሕር ዳር ለሥራ ሲከርም ንፋስ መውጫ ከአማቷ ጋር የቀረች። ደብተሩ ላይ «የከሰዓት ሻይ ጣፋጮች» ተብሎ ተጽፏል አሉ። ብርቄ ፊደል አልቆጠረችም፤ ለመቁጠርም አልለመነችም። ፊደል የቆጠሩት ናቸው ደጇ ላይ ተሰልፈው ብስኩት የሚገዙት። ትዕግስት ታነባለች፣ ብርቄ ትሠራለች። አርባ አንድ ዓይነት አለ፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደርሰዋል። የሎሚ ኬኩ ወዲያው ሰመረላቸው። የቀረፋ ጥቅልሉን ሦስት ጊዜ አበላሽተው በአራተኛው ያዙት። ስኮን የሚሉት የሻይ ዳቦ ግን ከድንጋይ አይለይም፤ «ፈረንጅ ይህን የሚበላው ጥርሱን ለማስነቀል ነው?» ብላ ገጹን አስቀድዳዋለች። የማር ብስኩቱን በጋይንት ገብስ ዱቄት ሠርታው፣ አሥር ሰዓት ሲሆን የወረዳው ሠራተኛ ከብርቄ ብስኩት ሌላ ከሻዩ ጋር አላቀርብም አለ። ስኳር በኪሎ መቶ ሠላሳ ሲገባም፣ መንገድ ተዘግቶ የፉርኖ ዱቄት ሲጠፋም ደጇ ሰው አላጣም።

የከተማው ሴት የሚያምናት ግን በጣፋጭነቱ አይደለም፤ በድስቷ ነው። ሁለት የብረት ድስት አላት፤ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ የጾም። ከላይም ከታችም ፍም እየተደረገባቸው ይጋግራሉ። ማማሰያው ለየብቻ ነው፣ ወንፊቱ ለየብቻ፣ የማጠቢያው ውኃ እንኳ ለየብቻ። ቅበላ ዕለት የፍስኩን ድስት በአሸዋ ፈትጋ ቆጥ ላይ ትሰቅለዋለች። «ሌላ ቤት የጾም ነው እያሉ ቅቤ ያሸቱሻል፤ እኔ ቤት ቅቤ መንገድ ቢጠፋው እንኳ አይገባም» ስትል ያልሰማ የለም። የአንዷን እጅ አሽሟጣ፣ የሌላዋን ወንፊት አጣጥላ ያቆመችው ስም ነው። በዚያ ስም ላይ ነው እንግዲህ ዛሬ ስምንት እንቁላል የተሰበረው።

ቀና ስትል ትዕግስት የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እግዜር ይወቅ። ብርቄ ቅርፊቱን በመዳፏ ዘርግታ አሳየቻት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ቅርፊቱን አየት አድርጋ ዓይኗን ሰበረች።

«ዶሮዋ ራሷ ሰብራ፣ ራሷ ቀበረችው በይኛ! አፍሽን ማን ለጎመው?»

ትዕግስት የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«የትኛው ትሪ ላይ ነው ያደረግሽው?»

«ሁለቱም ላይ» አለች ትዕግስት።

ብርቄ ብድግ ብላ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ስትራመድ ልጅቷ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። ብርቄ በሕይወቷ መትታት አታውቅም፤ ይህ መጋረድ ምን እንደሆነ ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም። ነጠላዋን ከግድግዳው ነጥቃ ወጣች።

መንገዱ ላይ ስትወጣ ነፋሱ ፊቷን መታት። እውነቱን ለመናገር በዓይኗ የመጣው መጀመሪያ መድኃኔዓለም አልነበረም፤ የወለተ ማርያም ከንፈር ነው። ያ ከንፈር ሲገለበጥ፣ ከዚያ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ፣ ከገበያ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ጎረቤቷ ከተማ አርብ ገበያ። ቀጥለው የመጡባት የኔታ ፊልጶስ ናቸው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ የአገሩን የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያወጡ ሰው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው የማያውቁ፤ ታመው ሐኪም ወተት ሲያዝላቸው «ወተቱን ለጥጃው ተዉለት» ያሉ። እኚህ ሰው ዛሬ፣ በዚህ ዕለት፣ ከብርቄ እጅ እንቁላል ሊበሉ ነው። ይህን ስታስብ እርምጃዋን አፈጠነች። ነፍሷን ነው የፈራችው ወይስ ስሟን? እሷም አልለየችውም።

አበባው አስፋልቱ ዳር ባጃጁን አቁሞ መስታወቱን ሲወለውል አገኘችው።

«እማማ ብርቄ! ቅዳሴ ረፈደብዎት እንዴ?»

«ጧት ያደረስኸው ትሪ ከማን እጅ ገባ?»

«ከራሳቸው ከእማማ ወለተ ማርያም። ኧረ ግን አንድ ነገር ልናዘዝልዎት» አለ እየሳቀ። «ጉድባው ሲያነጥረን ከጠርዙ አንድ ቁራሽ ወደቀች። መሬት ከሚበላት ብዬ በላኋት። የጾም ኬክ እንዲህ አፍ ላይ ሲቀልጥ አይቼ አላውቅም! ምን ቢያደርጉበት ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን «በሑዳዴ፣ በጧት ትበላለህ አንተ ከይሲ!» ብላ ታወርድበት ነበር። አንድ ሰው እንቁላሉን በልቷል ማለት ነው። ንገሪው አላት ልቧ። አልነገረችውም። «ንዳ!» አለችውና ገባች።

መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ባጃጁ ሁሉ ቆሟል። የወታደር መኪና እስኪያልፍ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ተብሏል። ሰው ባለበት ደርቆ ቆመ፤ ሻጯ ሽንኩርቷ ላይ እንደጎነበሰች፣ ባለብስክሌቱ እግሩን ፔዳሉ ላይ እንደሰቀለ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዘመኑ ያስተማረው ነገር ነው። አንዱ መኪና አለፈ፣ ሌላው ዘገየ። ብርቄ የአበባውን ስልክ እያየች «ስንት ሆነ?» ትለዋለች፣ ሰባት ተኩል ይላታል፤ ትንሽ ቆይታ ትጠይቀዋለች፣ ስምንት ይላታል። ስምንት ተኩል ሲላት አልቻለችም፤ ወርዳ በጀርባው ጉራንጉር ገባች። ወታደሩ «እናት፣ ወዴት ነው?» ቢላት ዞር ብላ አላየችውም። የዛሬው ፍርሃቷ ለወታደር የሚተርፍ አልነበረም። ዳገቱን ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ሁለት ቦታ አጥር እየያዘች ወጣችው።

ወለተ ማርያም ቤት ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ፣ ሻይ በትልቅ ማንቆርቆሪያ፣ መሐል ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ሁለት ትሪዎች። ወለተ ማርያም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ብርጭቆ ትደረድራለች።

«መጣሽልኝ? ጎሽ! ነይ እዪልኝ እስቲ» ብላ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ኬኩ ነፍቶ፣ ወርቅ መስሎ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ተቆርጦ ተቀምጧል። «አምና በአዜብ ተራ የቀረበው ጡብ ነበር፤ ቄስ አበራ ጥርሳቸውን ይዘው ነው የወጡት። ዘንድሮ ጉድ ይበሉ!»

«ወለተ ማርያም» አለች ብርቄ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ። «ትሪዎቹን ልመልሳቸው።»

«ምን አልሽ?»

«በስኳሩ ፋንታ ጨው ገብቶበታል። ተሳስቼ ነው። ጨው ነው።»

ወለተ ማርያም ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ማን ቀምሶ ነገረሽ?»

ዘጠኝ ሳይሞላ ማን ይቀምሳል? ብርቄ ራሷ ሑዳዴ ከገባ ጀምሮ የምትሠራውን ቀምሳ አታውቅም፤ በመዓዛውና በድስቱ ድምፅ ነው መብሰሉን የምትለየው፤ ይህንንም ለከተማው ሁሉ ተናግራ ኮርታበታለች። ወለተ ማርያም ጎንበስ ብላ ኬኩን አሸተተችው።

«ጨው አይሸትም። ይልቅ እውነቱን ንገሪኝ፤ የተሻለ የሚከፍል አገኘሽ? ወይስ አዜብ ላከችሽ? በኔ ተራ ቀን ልታዋርጂኝ! ከዚህ ቤት አንዲት ፍርፋሪ አትወጣም፤ ሰምተሻል?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። በሁለት ሰው መካከል፣ በጆሮ፣ በአንዲት ቃል። ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ የወለተ ማርያም ከንፈር ታያትና ዘጋችው። «እሺ» ብላ ከትሪዎቹ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሴቶቹ ሠላም ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። አንዷ «ምነው ጠቆርሽ?» አለቻት፤ «ጾሙ ነው» አለች። ሦስተኛ ውሸት ነበር፣ ወይም አራተኛ፤ መቁጠር ትታለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ እሷ ብቻ በርጩማውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

ካህናቱ ገቡ። የኔታ ፊልጶስ በመቋሚያቸው እየዳበሱ፣ ዓይናቸው ስለደከመ እግራቸውን ቀድሞ እየላኩ መጥተው ከአግዳሚው ራስ ተቀመጡ። አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ፣ ማዕዱ ተባረከ። ወለተ ማርያም ራሷ ትሪውን አንስታ ከሁሉ አስቀድማ የኔታ ዘንድ ቀረበች። «ጥርስ አያስቸግርም የኔታ፣ በሻይ ነከር ያድርጉት» አለች፤ ቁራሹን በእጃቸው አስያዘቻቸውና ለአጠገባቸው ቄስም ሰጠች። ሽማግሌው ቁራሹን በጣታቸው ጨመቅ፣ ለቀቅ አደረጉት፤ ልስላሴው ገርሟቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ሻዩ ውስጥ ነከሩት። የሻዩ ጠብታ ጋቢያቸው ላይ ጠብ ሲል ብርቄ አየች። ወደ አፋቸው አነሱት።

«የኔታ! አይቅመሱት!»

ድምፅዋ የእሷ አይመስልም፤ የአራስ ነብር ድምፅ ነው። የኔታ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ብርቄ ነሽ?»

«ነኝ። እንቁላል አለበት። ሁለቱም ትሪ እንቁላል አለበት።»

አንዱ ቄስ የያዘውን ቁራሽ እንደ ፍም ወረወረው። «በስመ አብ!» አለች አንዷ ሴት። ወለተ ማርያም ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ደረቷን ደቃች። «ገደለችኝ! በኔ ተራ! ጨው ነው አለችኝ እኮ! አሁን፣ እዚህ ቆማ፣ ጨው ነው አለችኝ!» ስትል ዳሱ አጉረመረመ። ከኋላ «ያ ሁሉ ‘እኔ ቤት አይገባም’ ይኼ ኖሯል?» የሚል ተሰማ፤ ሳቅም ተከተለው። ብርቄ ማን እንደሳቀ ለማየት ዓይኗን አላነሳችም።

የኔታ ቁራሹን ትሪው ላይ መልሰው ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ሲጠርጉ ጊዜ ወሰዱ፤ ጉርምርምታው እስኪበርድ ይሆናል።

«አልበላነውምና አልጎዳንም» አሉ። «የማን እጅ ነው?»

«የምራቴ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ቢወጣ ስሟም ይተርፋል፣ ድስቷም ይተርፋል፤ ሴቱ ሁሉ «የዘመኑ ልጆች!» ብሎ ከንፈሩን ወደ ትዕግስት ያዞራል። ልታወጣው ትንፋሽ ሳበች። ግን ልጅቷ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋርዳ ታየቻት።

«ከቤቴ የወጣ የኔ ነው፣ የኔታ።»

«መልካም። እንግዲህ ልጠይቅሽ። ሰው ጾም የሚሽረው ወይ ሆዱ ሲያሸንፈው ነው፣ ወይ ሲፈራ። ይኼ የሆድ ሥራ አይደለም፤ የሠራው አልበላውም። ምን ተፈርቶ ነው የተሠራው?»

ለሁሉ መልስ የነበራት ሴት «አላውቅም» አለች።

«እወቂና ነይ። ቀኖናሽን ያን ጊዜ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ወደ ወለተ ማርያም ዞረው፣ «በይ ልጄ፣ ንፍሮሽን አቅርቢ፤ መድኃኔዓለም ንፍሮ አይንቅም» አሉ።

ትሪዎቹን ራሷ ተሸከመች፤ እጁን የዘረጋላት አልነበረም። በዳሱ መካከል ስታልፍ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡላት። ወለተ ማርያም እስከ በሩ ተከትላት፣ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ፤ እኔም ያንቺን አልረግጥ» አለቻት፤ ብርቄም «እሺ» አለች። መንገዱ ተከፍቶ አበባው ደጅ ላይ ይጠብቃት ነበር። ገብታ ትሪዎቹን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ትንሽ ከተጓዙ በኋላ ጀርባውን እያየች ተናገረችው።

«ጧት የበላኸው እንቁላል ነበረበት። ለንስሐ አባትህ ንገር።»

ልጁ ባጃጁን አዘገመው። ለቀልድ የማይቸግረው ሰው፣ አልቀለደም። «ታዲያ ስንሄድ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ፈርቼ።»

አበባው ቤቷ አደረሳት።

ትዕግስት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ እግሯ ሥር ልብሷን የቋጠረችበት ፌስታል አለ። ብርቄ ስትገባ ብድግ አለች፤ ቆመች፤ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ወገዳ፣ እናቴ ዘንድ።»

«በዚህ ሰዓት መኪና የለም።»

«በእግሬም ቢሆን።»

ብርቄ ትሪዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከወለተ ማርያም ቤት እስከዚህ ስትመጣ የምትላትን ሁሉ በሆዷ ስታሰናዳ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ የሚመርር፣ አጥንት የሚሰብር። ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ ከፊቱ ቆሞ አላሳልፍ አለው።

«ጧት ኪዳን ላይ ሳለሁ ምን ሆነ?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ጀመረች። «ድስቱን ስከፍተው ኬኩ ወድቋል። መሐሉ ሰምጦ ጭቃ ሆኗል። ቤኪንግ ፓውደሩ አርጅቶ ነው መሰለኝ። ያልወደቀውን ጠርዙን ብቆርጥ አንድ ሳህን አይሞላም። የቀረው ዱቄት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እንደገና ቢወድቅስ ብዬ… በእንቁላል ከሆነ እንደማይወድቅ አውቃለሁ። አበባው ሊደርስ ነው።»

«ወድቋል አትይኝም ነበር? ኪዳን እንጂ ኢየሩሳሌም አልሄድኩ!»

የዛሬ ሳምንት የቀረፋ ጥቅልሉ በትዕግስት እጅ ሲያርር ብርቄ በሰው ፊት «ለፍቶ የላከልኝን የልጄን ገንዘብ አመድ የምታደርጊ፣ ምን ያለ እጅ ነው ያለሽ!» ብላት ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ብስኩቱ፣ ከዚያ በፊት ስለ ወንፊቱ። ይህን አንዳቸውም አላነሱትም።

«እያወቅሽ» አለች ብርቄ። «አርብ ቀን፣ በመድኃኔዓለም። እግዜርን አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ» አለች ትዕግስት። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «እርስዎን ግን ይበልጥ።»

ብርቄ ፌስታሉን ወደ ቤት ልታስገባላት ጎንበስ አለች። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ብርቄ ፌስታሉን ሳትነካ ቀና አለች። ከደረጃው ላይ፣ ከልጅቷ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ተቀመጠች። የምትናገረው ነገር ፈልጋ ነበር፤ ስድቡ ሁሉ እዚያው በተራው ተቀምጧል፣ ከስድቡ ሌላ ግን ምንም አላገኘችም። ለየኔታ የምትመልሰውን አሁን ታውቀዋለች። ሄዳ፣ ከፊታቸው ቆማ «የተፈራሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው የቀራት፤ ከጧት ጀምሮ ካስፈራት ሁሉ ይህ ባሰባት።